በራስ መተማመን በወጣት ስፖርተኞች ዘንድ እንዴት ይገነባል? ከሩጫ ታሪካችን የተገኘ ትምህርት

«በራስ መተማመን» የሚባለው ነገር በዘመናችን ከሰው አፍ የማይጠፋ ቃል ሆኗል። መምህሩ ለተማሪው፣ አሠልጣኙ ለስፖርተኛው፣ ወላጁም ለልጁ «በራስህ ተማመን» እያለ ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው «በራስህ ተማመን» ስለ ተባለ ብቻ የሚተማመን ቢሆን ኖሮ፣ ፈሪና ዐይነ አፋር ወጣት በአገራችን ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ ይህ መተማመን ከምን እንደሚወለድ፣ በምን እንደሚያድግ፣ በምንስ እንደሚሞት ለይቶ ማወቅ፣ ወጣቶችን የማሳደግ ኀላፊነት ለተጣለብን ሰዎች ሁሉ ተገቢ መስሎ ይታየናል። ይህንንም በባዶ ንግግር ሳይሆን በታሪክ ላይ ተመሥርተን ልንመረምረው አስበናል። ለምርመራው የሚሆነንን ታሪክ ሩቅ ሄደን አንፈልግም፤ የኢትዮጵያ የረዥም ርቀት ሩጫ ታሪክ በቂ ምስክር ነውና።

አስቀድመን ቃሉን ራሱን እንመልከተው። «አመነ» አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። «ተማመነ» ግን እንደ «ተማከረ» ሁሉ ሁለት ወገኖችን የሚሻ ግሥ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ይተማመናሉ፤ ባልና ሚስት ይተማመናሉ፤ ጓደኛሞች ይተማመናሉ። «በራስ መተማመን» ስንልም ቃሉ ይህን ሁለትነቱን እንደ ያዘ ይኖራል። በራሱ የሚተማመን ሰው አስቀድሞ ሌላ ሰው ያመነው ነው፤ በኋላም የራሱ ሥራ የመሰከረለት ነው። ከትምክሕት የሚለየውም በዚህ ነው። ትምክሕት ምስክር አይጠራም፤ መተማመን ግን ትናንት የተሠራውን ሥራ በምስክርነት ያቀርባል።

ይሁን እንጂ እኛ ልጆቻችንን በማመን ረገድ ብዙ ጊዜ ቸሮች አልነበርንም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ምሳሌያዊ ንግግር አለን። ይህ አነጋገር የልጅን ችኮላ ለመገሠጽ የተነገረ እንደ ሆነ ይገባናል፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ ሲሰማ ያደገ ልጅ፣ አድጎም ቢሆን ሊጡን ለመንካት እጁ ይንቀጠቀጣል። እኛም ተማሪዎች በነበርንበት ዘመን በአንድ የትምህርት ቤት የስፖርት በዓል ያየነው ነገር እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልወጣም። ከክፍላችን አንድ ቀጭን ልጅ በ1500 ሜትር ውድድር ተሰልፎ ከሌሎቹ ሁሉ በአንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ። እርሱ ግን አላቋረጠም። በመጨረሻው ዙር ብቻውን ሲሮጥ በሜዳው ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ ሣቀበት፤ ውድድሩን የሚመሩትም ሰዎች አብረው ሣቁ፤ እኛም ሣቅን። ልጁ ውድድሩን ጨርሶ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲሮጥ ያየው የለም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንዱ ምክንያት የዚያ ቀን ሣቅ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. አውስትራልያ ውስጥ በሜልቦርን ከተማ በተደረገው ጨዋታ ነበር። ወደዚያ የሄዱት ስፖርተኞች 12 ሲሆኑ፣ የተወዳደሩትም በሩጫና በብስክሌት ነበር። ከእነርሱ መካከል ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣት ወታደር በ800 ሜትርና በ1500 ሜትር፣ እንዲሁም በ4 ጊዜ 400 ሜትር የዱላ ቅብብል ተሰልፎ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። በማራቶን የተሰለፉት ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይም 29ኛና 32ኛ ሆነው ፈጸሙ። ከዚያ ጉዞ የተገኘ ሜዳልያ አልነበረም። በጊዜው ይህን ውጤት ብቻ የተመለከተ ሰው፣ «ይህ ሥራ የእኛ አይደለም» ብሎ ደብተሩን ሊዘጋ ይችል ነበር። ደብተሩ ያልተዘጋው አንዳንድ ሰዎች ከውጤቱ ይልቅ ሯጮቹን ስለ ተመለከቱ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በትውልዱ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነቱ ስዊድናዊ የነበረው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኒስካነን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን ተቀምጦ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያገለገለ፣ የክቡር ዘበኛንም ሯጮች ያሠለጠነ ሰው ነው። ያሠለጥንበት መንገድ በንግግር የተሞላ አልነበረም። ሯጮቹን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት፣ በጫካና በሜዳ እያሯሯጠ፣ ፈጣኑንና ቀርፋፋውን ሩጫ እያፈራረቀ፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱን እየያዘ ያሠለጥናቸው ነበር። ሰዓት የያዘ አሠልጣኝ አያሞግስም፤ አያሽሟጥጥምም። ዛሬ ከትናንት ወዲህ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ ብቻ ለሯጩ ይነግረዋል።

በእርሱ እጅ ከሠለጠኑት አንዱ፣ በነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው የክቡር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ወደ ሮማ ሲሄድ ለዓለም የማይታወቅ ሰው ነበር፤ ለራሱ ግን የማይታወቅ አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ከኦሊምፒኩ በፊት በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገ የማራቶን ሩጫ፣ ርቀቱን ከ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈጽሞት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ አየሯም ሳሳ ያለ ከተማ ናት። እንግዲህ አበበ የጋዜጠኞች መጻሕፍት የማያውቁትን አንድ ነገር በልቡ ይዞ ተጓዘ፤ ይኸውም ሰዓቱን ነው።

ውድድሩ የተደረገው በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ነበር። ሩጫው ከካምፒዶልዮ አደባባይ በመሸበት ሰዓት ተነሥቶ፣ በጥንታዊው በአፒያ ጎዳና አልፎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የሚፈጸም ነበር። መሸት ሲልም ወታደሮች ችቦ ይዘው ከመንገዱ ዳር ቆመው ያበሩ ነበር። አበበ በሮማ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ በአገሩ እንደ ለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። አብሮት ሲሮጥ የነበረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። ስለዚህ ሰው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አበበ ተጠንቅቆ እንዲከታተለው የተነገረው ራዲ 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል የተባለውን ነበር፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ቁጥር ነበር። ስለዚህ አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ያ የተፈራው ተወዳዳሪ መሆኑን ሳያውቅ፣ 26 ቁጥርን ወደ ፊት እየፈለገ ሮጠ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሯጩ የሌላውን ስም እየቈጠረ ሳይሆን የራሱን እርምጃ እየጠበቀ ከሮጠ፣ ከጎኑ ያለው ማንም ይሁን ማን አያስደነግጠውም።

ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ በመንገዱ ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በወረራው ዘመን ከአገራችን ተወስዶ በ1930 ዓ.ም. ሮማ ላይ የተተከለው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት ማለት ነው። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው ተመልክተውት ስለ ነበር፣ አበበ በዚያ አካባቢ እርምጃውን አፍጥኖ ከራዲ ተለየ። ርቀቱንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ አንደኛ ሆነ። ራዲ የደረሰው ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው። ጥቁር አፍሪቃዊ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በዚያች ሌሊት ነው። በማግስቱ ጠዋት በአገራችን እንቁጣጣሽ ነበር።

ይህን ድል ስናነሣ ባዶ እግሩንና ሐውልቱን መተረክ እንወዳለን። መተረኩም ተገቢ ነው፤ እኛም ከዚህ በላይ ተረክነው። ነገር ግን ወጣቱ ትውልድ ከዚህ ታሪክ «አበበ ስለ አገሩ ተቈጥቶ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ» የሚለውን ብቻ ይዞ እንዳይቀር እንሰጋለን። ቍጣ አንድ ኪሎ ሜትር ያስሮጥ እንደ ሆነ እንጂ 42 ኪሎ ሜትር አያስሮጥም። አበበን ያስሮጠው ለዓመታት የተሠራ ሥራ፣ በሰዓት የተመሰከረ ችሎታ፣ አስቀድሞ የታየ መንገድ፣ ባመነውም ሰው ፊት የተያዘ ዕቅድ ነው። በራስ መተማመን ስንል ይህን ማለታችን ነው።

የዚህ እውነት ሁለተኛው ማስረጃ ቶኪዮ ነው። አበበ ከውድድሩ 35 ቀን በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳለ፣ በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ተሰልፎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚህም የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ሯጮች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርሱ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ሕዝቡ ይህን እንደ ተአምር ቈጠረው፤ ለእርሱ ግን ከሩጫ በኋላ ሰውነትን ማፍታታት የዘወትር ልማዱ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ሌላ ታሪክ ተፈጽሟል፤ ይህንንም ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ግማሽ እውነት ይሆናል። አበበን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ሜዳው የገባው ኮኪቺ ትሱቡራያ የሚባል ጃፓናዊ ወታደር ነበር። የአገሩ ሕዝብ በጭብጨባ ሲቀበለው፣ እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ከኋላው ደርሶ በሜዳው ውስጥ ቀደመው። ትሱቡራያም ሦስተኛ ሆነ። ለማንኛውም ወጣት ታላቅ ክብር የሚሆነው የነሐስ ሜዳልያ ለእርሱ ዕዳ ሆነበት። በሕዝብ ፊት ያጠፋ መሰለው፤ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ሊክስም ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ሕመም ሰውነቱን አዳከመው፤ የሕዝቡ ተስፋ ግን አልቀነሰለትም። የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሊደረግ ወራት ሲቀሩት፣ በ1960 ዓ.ም. በ27 ዓመቱ ነፍሱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ይህን የምንጽፈው የሌላውን አገር ኀዘን ለመተረክ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአንድ አገር ሙሉ ተስፋ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ለብዙዎች ጌጥ ሊሆን የሚችለው ነገር ለአንዱ መቅሠፍት ይሆንበታል። ትሱቡራያ ሥራ አልጐደለውም፤ ቈራጥነትም አልጐደለውም። የጐደለው ቢሸነፍም ክብሩ እንደማይቀነስ የሚያረጋግጥለት ሁኔታ ነበር ብለን እናምናለን። ስለዚህ በራስ መተማመን ሁለት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛው ሰው ሠርቶ ማሸነፍ እንደሚችል ማወቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተሸንፎም ሰው ሆኖ እንደሚቀር ማወቁ ነው። አንደኛውን ብቻ አቁመን ሁለተኛውን የተውን እንደ ሆነ ቤቱ በነፋስ ቀን ይወድቃል።

ሁለተኛውን ምሰሶ ለማየት ወደ ማሞ ወልዴ እንመለስ። በሜልቦርን ከማጣሪያ የቀረው ይህ ሯጭ በሮማው ኦሊምፒክ አልተሰለፈም። በቶኪዮ በ10000 ሜትር አራተኛ ሆኖ ለጥቂት ሜዳልያ አመለጠው፤ በማራቶኑም ሳይፈጽም ወጣ። እንግዲህ አንድ ሰው ከ1949 እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በኦሊምፒክ አደባባይ ያገኘውን ብንቈጥር፣ መቅረትና ማቋረጥ እንጂ ሜዳልያ የለበትም። ሆኖም ማሞን ከጓዱ ያስወጣው አልነበረም፤ እርሱም ራሱን አላስወጣም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በ10000 ሜትር ኬንያዊውን ናፍታሊ ቴሙን ተከትሎ ሁለተኛ ሆነ። ከሰባት ቀን በኋላ፣ በጥቅምት 10 ቀን፣ የማራቶኑ ተራ ደረሰ። አበበ በእግሩ ሕመም እየተሠቃየ ቢሰለፍም ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከውድድሩ ወጣ፤ የአገሩንም አደራ ለጓደኛው ለማሞ አስረከበ። ማሞም ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ፈጽሞ፣ ተከታዩን በ3 ደቂቃ ያህል ቀድሞ አሸነፈ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ 36 ዓመት ነበር። በጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ደግሞ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። ከሜልቦርን ማጣሪያ እስከ ሜክሲኮ ወርቅ 12 ዓመት አለ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አበበም ራሱ ሁለተኛው ምሰሶ እንደ ነበረው በመጨረሻ ታየ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በሸኖ አቅራቢያ በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። በዓለም ላይ በእግሮቹ የታወቀ ሰው እግሮቹን ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። እርሱ ግን ለሕክምና በሄደበት በእንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል በሚደረገው የአካል ጕዳተኞች ውድድር በ1962 ዓ.ም. በቀስት ውርወራ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በሚነዳ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ስፖርተኝነቱን አልተወም። መተማመኑ በእግሮቹ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ ከእግሮቹ ጋር አብሮ በሞተ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው በዕድሜ ስለ በሰሉ ወታደሮች ነው። ጥያቄያችን ግን ስለ ወጣቶች ስለ ሆነ አሁን ወደ ትምህርት ቤት መግባት አለብን። በአርሲ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ተማሪዎቻቸውን ማሠልጠን ጀመሩ። የነበራቸው ሀብት ሜዳ፣ ጫካ፣ ዳገትና የልጆቹ ፈቃድ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ ካለፉት ልጆች መካከል ናቸው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባም የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2000 ዓ.ም. የተደረገው የቤጂንግ ኦሊምፒክ ነው። በዚያ ጨዋታ በወንዶችም በሴቶችም የ5000 እና የ10000 ሜትር ወርቅ ሜዳልያዎች፣ አራቱም፣ በቀነኒሳና በጥሩነሽ አማካይነት ወደ በቆጂና አካባቢዋ ገቡ።

ሰዎች ይህን ነገር በአየሩ ይተረጕሙታል፤ በምግቡም የሚተረጕሙት አሉ። የከፍታው አየር ጥቅም እንዳለው አያጠራጥርም። ነገር ግን በአገራችን እንደ በቆጂ ከፍ ያሉ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም እንደ በቆጂ አላፈሩም። ልዩነቱን ያመጣው እኛ እንደሚመስለን በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በየማለዳው የሚገኝ መምህር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምሳሌው ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ መሆኑ ነው። አንዲት ልጅ በሬዲዮ ስሙን የሰማችውን ጀግና ልታደንቀው ትችላለች፤ ውኃ ስትቀዳ ያየቻት የጎረቤቷ ልጅ ወርቅ ይዛ ስትመለስ ግን «እኔስ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህች አጭር ጥያቄ የመተማመን መጀመሪያ ናት።

ደራርቱ ቱሉ የዚህ ማስረጃ ናት። ከብት ስትጠብቅ ያደገችው ይህች ልጅ በ20 ዓመቷ፣ በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10000 ሜትሩን ሩጫ አሸነፈች። ቀኑ አበበ ቢቂላ ከተወለደ ልክ 60 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። በውድድሩ ደቡብ አፍሪቃዊቷ ኤላና ሜየር ከፊት ሆና ስትመራ፣ ደራርቱ ሳትቸኵል ከኋላዋ ተከትላ በመጨረሻው ዙር ቀደመቻት። ከዚያም መስመሩን ካለፈች በኋላ ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪቃ ከረዥም ዘመን እገዳ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ነበርና፣ ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ዘንድ ታወሰ። እውነተኛ መተማመን ያለው ሰው የተሸነፈውን ለማክበር አይቸገርም፤ የተሸነፈውን የሚንቅ ግን ነገ በራሱ ላይ የሚመጣውን የሚፈራ ነው።

የመጨረሻውን ምሳሌ ከቅርብ ጊዜ እናንሣ። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በማራቶን የተመደበው በተጠባባቂነት ነበር። ከተመረጡት አንዱ ሲሳይ ለማ ጕዳት ስለ ደረሰበት ታምራት በእርሱ ቦታ ተተካ። በነሐሴ 4 ቀንም ዳገት በበዛበት መንገድ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ በሆነ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። በወንዶች ማራቶን ገዛኸኝ አበራ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ ለአገራችን የተገኘ የመጀመሪያው ወርቅ ይኸው ነው። ተጠባባቂ የሚባለው ስም ብዙ ወጣቶችን ያሳንፋል፤ «አልተፈለግሁም» ያሰኛል። ታምራት ግን ለመሰለፉ ዋስትና ሳይኖረው እንደሚሰለፍ ሰው ተዘጋጅቶ ስለ ጠበቀ፣ በሩ በተከፈተ ጊዜ ሳይደነግጥ ገባ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለመምህራን፣ ለአሠልጣኞችና ለአስተዳዳሪዎች የሚሆነውን በአጭሩ እናጠቃልለው።

አንደኛ፣ ለወጣቱ ከሙገሳ ይልቅ ማስረጃ እንስጠው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሰዓት የሚጽፍበት አንድ ተራ ደብተር ይኑረው። ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ጋር ይወዳደር። «ጎበዝ ነህ» የተባለ ልጅ በተሸነፈ ቀን ይጠራጠራል፤ ከወር በፊት ከነበረበት በ10 ሴኮንድ መሻሻሉን በገዛ እጁ የጻፈ ልጅ ግን ያንን ማንም አይወስድበትም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ እንስጠው። ማሞ ወልዴን 12 ዓመት የጠበቀ አገር፣ የ14 ዓመቱን ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ዋንጫ አምጣ ማለት አይገባውም። ገና ያልጠና አጥንት ላይ የሚጫን ሸክም ሰውነትንም መንፈስንም ይሰብራል።

ሦስተኛ፣ ተስፋችንን እንከፋፍለው። የቀበሌውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የክልሉን ስም ሁሉ በአንድ ልጅ ስም ላይ አንጠልጥለን፣ ሲሸነፍ ግን ብቻውን አንተወው። በድሉ ቀን አብረን የምንጨፍር ከሆነ፣ በሽንፈቱ ቀን አብረን መቀመጥ ይገባናል።

አራተኛ፣ የመጨረሻውን ሯጭ እናክብር። ይህን የምንለው ለርኅራኄ ብቻ ብለን አይደለም። በውድድር ሜዳ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች ሁሉ ዐይናቸው በአሸናፊው ላይ ነው ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በልባቸው የሚመለከቱት የመጨረሻውን ነው። «እኔ ብሮጥና እንዲህ ብሆን ምን ይደርስብኛል?» እያሉ ይመዝናሉ። የመጨረሻው በሣቅ ከተሸኘ፣ ገና ያልተሰለፉት መቶ ልጆች በዚያች ደቂቃ ከሩጫ ይወጣሉ። በጭብጨባ ከተቀበልነው ግን በሚቀጥለው ዓመት ሜዳው ይሞላል።

ከዚህ በላይ ያነሣነው የክፍላችን ልጅ ምናልባት ማሞ ወልዴን ላይሆን ይችል ነበር። ምናልባትም አንድም ሜዳልያ ሳያገኝ ዕድሜውን ሁሉ በደስታ የሚሮጥ ሰው ይሆን ነበር። ይህንን እኛም፣ እርሱም፣ ማንም አያውቀውም፤ የማወቂያውን መንገድ በዚያ ቀን ዘግተነዋልና። በሜልቦርን የመጨረሻውን ተርታ ይዘው የፈጸሙት ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእንዲህ ያለ ሣቅ ተቀብለናቸው ቢሆን ኖሮ፣ የሮማው ሌሊት ባልነጋልን ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ በአንድ ዙር ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ብቻውን ሲሮጥ ያየን እንደ ሆነ፣ ይህን አስበን በሜዳው ዳር ቆመን እንጠብቀው፤ መስመሩንም እስኪያልፍ ድረስ አንበተን።